ከታውኑስ ተራራ እስከ ዓባይ በረሃ፦ የኤሌክትሪክ ፒካፕ በረጅም መንገድ እንዴት ይመዘናል?

በጀርመን ገበያ ለሽያጭ የቀረበው ማክሰስ ቲ90 ኢቪ የተባለው የቻይና ሥሪት የኤሌክትሪክ ፒካፕ፣ ባትሪው አንድ ጊዜ ሲሞላ 330 ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ በአምራቹ ሰነድ ላይ ሰፍሯል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው መንገድ ደግሞ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መኪናው ደብረ ማርቆስ ደርሶ ኃይል ይተርፈዋል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ 330 የተባለው ቁጥር የተገኘው ዳገት፣ ቁልቁለትና ነፋስ በሌሉበት የሙከራ ክፍል ውስጥ ነው። በአዲስ አበባና በደብረ ማርቆስ መካከል ግን ዓባይ በረሃ አለ።

ጉዳዩ የመኪና አፍቃሪዎች ወግ ብቻ አይደለም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ ካደረጉ ወዲህ፣ ከፍራንክፈርትና ከሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ሆነው ለእርሻ፣ ለግንባታ ወይም ለቤተሰብ ሥራ የሚሆን መኪና ለመግዛት የሚያስቡ ኢትዮጵያውያን ምርጫ ተቀይሯል። የናፍጣ ፒካፕ ስለ ፍጆታው ከተነገረለት በላይ ቢጠጣ ባለቤቱ የሚከፍለው ጥቂት ተጨማሪ ሊትር ነው፤ ጀሪካንም መፍትሔ ይሆነዋል። የኤሌክትሪክ ፒካፕ ከተነገረለት በላይ ከበላ ግን መኪናው ከነጭነቱ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ኤሌክትሪክን ደግሞ በጀሪካን ማምጣት አይቻልም። ስለዚህ በገዢውና በሰነዱ መካከል የሚገባው ዳኛ የረጅም መንገድ ሙከራ ነው።

ፍራንክፈርት ከ1951 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ዝነኛውን የጀርመን የመኪና ትርዒት ስታስተናግድ ኖራለች። በትርዒት አዳራሽ ምንጣፍ ላይ የቆመ ፒካፕ ስለ ቀለሙና ስለ ጋቢናው ስፋት ብዙ ይናገራል፤ ስለ ባትሪው ግን ምንም አይልም።

330 ከየት መጣ?

በአውሮፓ የሚሸጥ ማንኛውም አዲስ መኪና ደብሊውኤልቲፒ በሚባል ወጥ የሙከራ ሥርዓት ያልፋል። መኪናው በሚሽከረከሩ ከባድ በርሜሎች ላይ ቆሞ፣ ጎማው እየዞረ፣ እርሱ ግን ከቦታው ሳይንቀሳቀስ አስቀድሞ የተወሰነ የፍጥነት ዑደት ይነዳል። አንዱ ዑደት 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ ርዝመቱ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነቱ ለአጭር ጊዜ እስከ 131 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢደርስም አማካዩ 46.5 ብቻ ነው። የክፍሉ ሙቀት 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለጭነት ተሽከርካሪ ደግሞ ከመጫን አቅሙ 28 በመቶው ብቻ ይታሰብለታል። አንድ ቶን መጫን የሚችል ፒካፕ ሲፈተን የተሸከመው፣ በእኛ መስፈሪያ ቢነገር፣ ሦስት ኩንታል እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

ይህ ማጭበርበር አይደለም። የሙከራው ዓላማ አንዱን መኪና ከሌላው ጋር በእኩል ሚዛን ማወዳደር ነው፤ ለዚያም በሚገባ ያገለግላል። ስህተቱ የሚመጣው የማወዳደሪያው ቁጥር ለመንገድ ተስፋ ሲወሰድ ነው።

ወደ ስሌቱ ከመግባት በፊት አንድ ቃል ማስተካከል ይገባል። በብዙ የአማርኛ ጽሑፎች የባትሪ መጠን «ኪሎዋት በሰዓት» እየተባለ ይጻፋል፤ ትክክለኛው ግን «ኪሎዋት-ሰዓት» ነው፤ ሁለቱ ይባዛሉ እንጂ አይካፈሉም። ኪሎዋት ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ፍሰት ከሆነ፣ ኪሎዋት-ሰዓት በጀሪካኑ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ነው። የማክሰሱ ባትሪ 88.5 ኪሎዋት-ሰዓት ይይዛል። ኢሱዙ በቅርቡ ለአውሮፓ ያቀረበው ዲ-ማክስ ኢቪ 66.9 ሲይዝ የተነገረለት ርቀትም 263 ኪሎ ሜትር ነው። ቶዮታ በኅዳር ወር 2025 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የኤሌክትሪክ ሃይሉክስ ደግሞ 59.2 ብቻ ነው የያዘው።

አየር የሚያስከፍለው ቀረጥ

ከፍራንክፈርት በስተደቡብ ወደ ዳርምሽታት የሚወስደው የኤ5 አውራ ጎዳና በ1935 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በዚሁ መንገድ ላይ ጃንዋሪ 28 ቀን 1938 ሩዶልፍ ካራቺዮላ በመርሴዲስ የክብረ ወሰን መኪና 432.7 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነዳ። በዚያው ዕለት ክብረ ወሰኑን ለመንጠቅ የወጣው ተፎካካሪው ቤርንድ ሮዘማየር መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ሕይወቱ አለፈ። የዘመኑ መሐንዲሶች የታገሉት ከሞተር ይልቅ ከአየር ጋር ነበር። አየር የሚፈጥረው ተቃውሞ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል።

ፒካፕ ደግሞ ለአየር የሚመች ቅርጽ የለውም። ግንባሩ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ከጋቢናው ኋላ ያለው ክፍት የጭነት ሳጥን አየሩን ያተራምሰዋል፤ ከመሬትም ከፍ ብሎ ይቆማል። ክብደቱ 2.5 ቶን የሆነና እንደ አብዛኞቹ ፒካፖች የተቀረጸ መኪና ቢታሰብ፣ የፊዚክስ ሕግጋት የሚሰጡት ግምት እንዲህ ነው። ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ለየ100 ኪሎ ሜትሩ ወደ 25 ኪሎዋት-ሰዓት ይፈልጋል። በ100 ሲነዳ ወደ 29፣ በ120 ወደ 37፣ በ130 ደግሞ ወደ 42 ይወጣል። ባትሪው 88 ኪሎዋት-ሰዓት ከሆነ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ቢሟጠጥ እንኳ፣ በ90 ወደ 350 ኪሎ ሜትር፣ በ130 ግን ወደ 210 ኪሎ ሜትር ብቻ ያስኬዳል። የሰነዱ 330 የተጻፈው እንግዲህ 90ን ብዙም ለማያልፍ ሾፌር ነው።

ከፍራንክፈርት እስከ ሃምቡርግ ያለው 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ይህንን በተግባር ያሳያል። ሁለት ሾፌሮች ባትሪያቸውን ሞልተው ይነሡ፤ አንዱ በ100፣ ሌላው በ120 ሳያዛንፉ ይንዱ፤ ሁለቱም ባትሪው አሥር በመቶ ላይ ሲደርስ ይቁሙ። ቻርጀሩ በአማካይ 70 ኪሎዋት ቢሰጥና ለእያንዳንዱ መቆሚያ ከመንገድ ለመውጣትና ለመግባት አሥር ደቂቃ ቢታሰብ፣ በ100 የሚነዳው አንድ ጊዜ ቆሞ ከስድስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል። በ120 የሚነዳው ሁለት ጊዜ ይቆማል፤ የሚቀድመውም በስድስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ለእነዚያ ስድስት ደቂቃዎች ወደ 39 ኪሎዋት-ሰዓት ተጨማሪ ኃይል ከፍሏል። ይህ በናፍጣ መኪና ላይ የማይታይ፣ የኤሌክትሪክ ፒካፕ ሾፌር ግን በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ሒሳብ ነው።

ፍጆታን በትክክል መለካት

ካራቺዮላ የተመዘገበለት ፍጥነት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተነዳ አልነበረም፤ ወዲያና ወዲህ ተነድቶ አማካዩ የተወሰደ ነው። የፒካፕ ሙከራም ደርሶ መልስ መሆን አለበት፤ ያለዚያ የኋላ ነፋስ የገፋው ወይም መዳረሻው ከመነሻው ዝቅ ያለለት መኪና ያልሠራበትን ምስጋና ይወስዳል።

የመኪናው የፍጥነት መለኪያም በራሱ አይታመንም። ዓለም አቀፉ ደንብ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፤ ከዚያ በላይ ግን የእውነተኛውን ፍጥነት አሥር በመቶና ተጨማሪ አራት ኪሎ ሜትር ያህል እንዲያጋንን ይፈቅድለታል። በእውነት 100 እየነዳ ያለ ሾፌር መለኪያው ላይ እስከ 114 ሊያነብ ይችላል። ሁለት ፒካፖችን የሚያወዳድር ሰው በስልኩ ጂፒኤስ ፍጥነቱን ማመሳከር ይኖርበታል። የፍጆታውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የመኪናው መስኮት የሚያሳየው ቁጥር ባትሪው ለሞተሩ የሰጠውን እንጂ ቻርጀሩ የቆጠረውን አይደለም። ሲሞላ በሙቀት የሚባክን ኃይል ስላለ፣ የሚከፈልበት ሁልጊዜ ከሚታየው ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ ፒካፕ ባዶውን አይፈተንም። ከኋላ ያለው ባሌስትራ የተሠራው ለጭነት ነው፤ ባዶ ሲሆን እያንዳንዱን ጉድጓድ ለተሳፋሪው ወገብ ይነግራል። ስድስት ወይም ሰባት ኩንታል ሲጫንበት ግን ይረጋጋል፤ በዚያው መጠን የፍሬን ርቀቱ ይረዝማል፤ መሪውም ይቀላል፤ ምክንያቱም ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዷል። አንዱን መንገድ አንድ ጊዜ ባዶውን፣ አንድ ጊዜ ጭኖ መሄድ ግዴታ ነው። ተሳቢ ለመጎተት ያሰበ ደግሞ ተሳቢውን ራሱን አስሮ ይሞክር፤ ረጅምና ሰፊ ተሳቢ የመኪናውን ርቀት ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል፤ ከክብደቱም ይልቅ የሚጎዳው አየሩ ነው።

ፌልድበርግ ሁለት ጊዜ

ለኢትዮጵያ መንገድ ዋናው ጥያቄ ግን ሜዳው አይደለም። ጎሃ ጽዮን ላይ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር በላይ የነበረው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርቀት ውስጥ ወደ ዓባይ ወርዶ፣ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። ቁልቁለቱም ዳገቱም በግምት 1,400 ሜትር ከፍታ አላቸው።

ፍራንክፈርት ውስጥ ተቀምጦ ይህንን መሞከር የሚቻል ይመስላል ቢባል ብዙ ሰው ይስቃል። ነገር ግን ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደረስበት፣ የታውኑስ ተራሮች ቁንጮ የሆነው ግሮሰር ፌልድበርግ አለ። ከፍታው ወደ 880 ሜትር ነው፤ ማይን ወንዝ ዳር ያለው የፍራንክፈርት መሬት ደግሞ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። የአስፋልት መንገዱ እስከ አናቱ ያደርሳል። ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ተራራውን ሁለት ጊዜ የወጣ ፒካፕ ዓባይ በረሃን አንድ ጊዜ ከመውጣት ጥቂት የበለጠ ከፍታ ወጥቷል።

ስሌቱም ቀላል ነው። ሰውና ጭነት ጨምሮ ሦስት ቶን የሚመዝን መኪናን 1,400 ሜትር ለማንሣት ብቻ 11.4 ኪሎዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። የጎማ ሰበቃ፣ አየርና የሞተር ብክነት ሲጨመሩ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ከባትሪው 16 ያህል ይወስዳል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ሆኖም በቁልቁለቱ ላይ የናፍጣ መኪና ፈጽሞ የማያደርገው ነገር ይሆናል፤ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ፣ መኪናውን እየያዘ፣ ወደ ባትሪው ኃይል ይመልሳል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ወደ ሰባት ኪሎዋት-ሰዓት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በረሃውን አቋርጦ ለመውጣት የሚወጣው ንጹሕ ወጪ ዘጠኝ ያህል ነው፤ ይህም ለ40 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ሜዳ ላይ በ90 ከመንዳት አይበልጥም። በናፍጣ መኪና ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ የፍሬን ሽታ እየሸተተው የወረደ ሾፌር ይህን ሲሰማ አይደነቅም ማለት ያስቸግራል።

ወጥመዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ የሚመለስለትን ኃይል መቀበል አይችልም። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሞ መቶ በመቶ የሞላ ሾፌር፣ መኪናው በሞተር የመያዝ አቅሙን አጥቶ ሸክሙ ሁሉ በተለመደው ፍሬን ላይ ይወድቅበታል። ከበረሃ በፊት ባትሪ ውስጥ ባዶ ቦታ መተው የቸልተኝነት ሳይሆን የጥንቃቄ ምልክት ነው። ፌልድበርግ አናት ላይም ይህን መሞከር ይቻላል፤ ባትሪው ሰማኒያ በመቶ ሳለና ሲሞላ ወርዶ የፍሬኑን ልዩነት በእግር መስማት።

ከፍታ የሚሰጠውና የሚነሣው

ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ላይ የአየር እፍግታ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በዚያ ከፍታ ከጉልበቱ በዚያው መጠን ያጣል፤ ቱርቦ ያለው አብዛኛውን ያካክሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ስለዚህ ምንም አያጣም። እንዲያውም የሳሳው አየር ተቃውሞውን ስለሚቀንስለት፣ በ90 ሲነዳ ለየ100 ኪሎ ሜትሩ ሦስት ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ይቆጥብለታል። የሰሜን ሸዋ ደጋ ለኤሌክትሪክ መኪና ከጀርመን ሜዳ የተሻለ ነው ማለት ነው።

ያው የሳሳ አየር ግን ባትሪንና ሞተርን በማቀዝቀዝም በኩል ደካማ ነው። በረሃው ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ከላይ ይመጣል፤ ጭነት ይዞ በዝግታ መውጣት የሞተሩን ሙቀት ሲያከማች፣ በዝግታ የሚሄድ መኪና ራዲያተሩ ላይ የሚነፍስለት አየር ጥቂት ነው። መኪናው ራሱን ለመጠበቅ ጉልበቱን ሊቀንስ ይችላል። ታውኑስ ይህን አያሳይም፤ ተራራው በዛፍ የተሸፈነ፣ ነፋሻማና ቀዝቃዛ ነው። ፌልድበርግ የኃይልን ሒሳብ ያስተምራል እንጂ የሙቀትን አያስተምርም። የሙቀት ፈተናውን በከፊል ለማየት የሚፈልግ ሰው በሐምሌ ሙቀት፣ በሙሉ ጭነት፣ ሳያርፍ ደጋግሞ መውጣትና ሦስተኛው ዙር ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደዘገየ በሰዓት መያዝ ይችላል።

ደብረ ማርቆስ ከተደረሰ በኋላ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ሰባት ኩንታል የጫነ፣ 88 ኪሎዋት-ሰዓት የያዘ ፒካፕ ከ80 እስከ 90 እየነዳ ከአዲስ አበባ እስከ ጎሃ ጽዮን ወደ 46፣ በበረሃው ዘጠኝ፣ ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ወደ 17 ኪሎዋት-ሰዓት ይፈጃል። ድምሩ 72 ነው፤ 16 ይተርፋል። ይደርሳል። 66.9 የያዘው ግን በዚሁ ሒሳብ ከደብረ ማርቆስ ጥቂት ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ሃይሉክሱም ከእርሱ በፊት።

መመለሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፈጣን ቻርጀር ከአዲስ አበባ ውጭ እምብዛም አይገኝም። የኢትዮጵያ ወንዞች የሚያመነጩት ኃይል አላነሰም፤ ከህዳሴው ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. የተመረቀውንና 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ታላቁን የህዳሴ ግድብ ይሞላል። ሆኖም የግድብ ኃይል በራሱ የመንገድ ዳር ቻርጀር አይሆንም። ፒካፑ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚያገኘው በተለመደው የግድግዳ ሶኬት የሚመጣውን ነው፤ 220 ቮልት በ16 አምፔር ሲባዛ 3.5 ኪሎዋት። መብራት ካልጠፋ፣ አሥር ሰዓት ያደረ መኪና ብክነቱ ተቀንሶ ወደ 32 ኪሎዋት-ሰዓት ያገኛል። ከተረፈው 16 ጋር ተደምሮ 48 ይሆናል፤ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ 72 ያስፈልጋል። ሾፌሩ ሁለተኛ ሌሊት ማደር አለበት። ፍራንክፈርት ውስጥ በቤቱ ግድግዳ ላይ 11 ኪሎዋት የሚሰጥ ሦስት ፌዝ ቻርጀር የለመደ ሰው ይህን የሌሊት ሒሳብ ሊዘነጋው ይችላል። ስለዚህ ከመግዛቱ በፊት መኪናውን አንድ ሌሊት በተራ የቤት ሶኬት ላይ ሰክቶ ጠዋት ላይ ስንት በመቶ እንደጨመረ ማየት ከሁሉም ሙከራ ርካሹ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እርሱ መንዳት እንኳ አያስፈልገውም። በአውሮፓ የሚሸጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በፈጣን ቻርጀር የሚሞሉት ሲሲኤስ 2 በሚባል መሰኪያ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርተው ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡት መኪኖች ግን ጂቢ/ቲ የተባለውን የቻይና መሰኪያ ይጠቀማሉ። ሁለቱ በቅርጽም፣ መኪናውና ቻርጀሩ በሚነጋገሩበት ቋንቋም ይለያያሉ፤ ያለ ማስተላለፊያ አንዱ በሌላው አይገባም። ከሃምቡርግ ወይም ከብሬመርሃፈን ወደብ መኪና ለመጫን የሚዘጋጅ ሰው፣ ፒካፕ በአዲሱ ደንብ ውስጥ በየትኛው ምድብ እንደሚታይ ከጉምሩክ በጽሑፍ ከማረጋገጡ ጎን ለጎን፣ መኪናው በሚሄድበት ከተማ ያለው ቻርጀር የትኛውን መሰኪያ እንደያዘ ፎቶግራፍ እንዲላክለት ቢጠይቅ ይበጀዋል።